ጥጃ ያቋረጠው ዜማ

በእኛ ደሴት በግሩታ ሬሳ የሌለበት ዜማ ለጭፈራ አይበቃም። ሠርግ ላይ የምንጨፍርበት አንዱ ዜማ፣ ባሕር የበላት ሙሽራ ጫማዬን መልሱልኝ እያለች የምትነዘንዝበት ነው። ሌላው «የመቃብር ቆፋሪው ግራ እጅ» ይባላል፤ ሰውየው ከተቀበረ በኋላ እጁ ብቻውን ወጥቶ ቫዮሊን ይመታ ነበር ይላሉ፤ ያውም ከበፊቱ አሳምሮ። ሕፃን የምናስተኛበት አንድ ዜማ ደግሞ አለ፤ ውስጡ ሁለት ሰው ታንቆ ይሞታል። ልጆቻችን ግን እንቅልፋቸው ሰላም ነው። ከዋናው የስኮትላንድ ምድር የመጣ እንግዳ «ይሄ ደስ የሚል ዜማ ስለ ምንድን ነው?» ብሎ ጠይቆ ስንነግረው ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳል።

የሁሉም አውራ ግን የጉብታው ዜማ ነው። የማገዶ አፈር ከምንቆርጥበት ረግረግ በላይ ሣር የለበሰ ጉብታ አለ፤ ከሥሩ እነሱ ይኖራሉ። እነሱ ማን እንደሆኑ እኔ አልናገርም፤ ስማቸውን የጠራ ሰው ላሙ ትነጥፍበታለች። ቁመታቸው አጭር ነው፣ ቂማቸው ረጅም፤ በሙዚቃ ግን የሚደርስባቸው የለም። ዜማው ሦስት ክፍል አለው። በየዓመቱ በሃሎዊን፣ ሙታን ይነሳሉ በሚባልበት ምሽት፣ አዳራሽ ተሰብስበን ሦስቱ ይመታሉ፤ ከዚያ ቫዮሊን መቺው ደጋኑን ከክሩ ላይ ያነሳና ዝም ይላል። እኛም ዝም እንላለን። አራተኛ ክፍል አለዋ! እሱን የመታ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ የተኙትን ሙታን ይቀሰቅሳል፤ ተነስተው ከጨፈሩ በኋላ ደግሞ ራት ይጠይቃሉ። ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ደፍሮ አልመታውም።

ያልተመታው ስላልነበረ ነው። ይህን የምታውቀው በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ኦስላ ማንሰን። ዜማውን የሠራችው እሷ ናታ።

ኦስላ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው። አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን አንቱ ያላትን ሁሉ «ገና አልሞትኩም» እያለች ስለምታባርር ደሴቱ በሙሉ አንቺ ማለት ለምዷል። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ስድሳ በጎችና አንድ ክፉ ድመት አሏት። ከእሷ በኋላ በዚህ ምድር የሚቀር ነገር ካለ ያ ዜማ ብቻ ነው። እሱም የእሷ ነው ብሎ የሚያምን የለም።

ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ይህንንም ታውቃለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ ከላሞቹ በረት በላይ ካለው የገለባ ቆጥ ላይ ተደብቃ የአጎቷን አሮጌ ቫዮሊን ስትሞክር የመጀመሪያው ክፍል መጣላት። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው እየሮጠ ደረሰ። አራተኛው ጣቷ ጫፍ ላይ ሲደርስ እናቷ ኢንጋ ከደጃፍ ሆና ተጣራች። ተደብቃ የነበረውም ኢንጋን ፈርታ ነው፤ ኢንጋ ቫዮሊንን «የሰይጣን ሣጥን» ነበር የምትለው፤ እስክትሞት ድረስ አንድ ዜማ እንኳ እስከ መጨረሻው ሰምታ አታውቅም። አጠራሯ ግን በአገሩ የታወቀ ነበር። ከላይ ይጀምርና ሁለቴ ተሰብሮ ይወርዳል፣ መጨረሻው ላይ በቁጣ መልሶ ቀና ይላል። «ኦ—ስ—ላ—ሆይ!» በደጃፋቸው ያለውን የባሕር ወሽመጥ ተሻግሮ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር፤ የማዶ ውሾች ሁሉ የተጠሩ እየመሰላቸው ይመጡ ነበር።

የጠራቻት ጥጃዋ ወተቷን ስላልጠጣች ነው። ኦስላ ወረደች፣ ጥጃዋን አጠጣች፣ ወደ ቆጡ ተመለሰች። አራተኛው ክፍል የለም። ፈለገችው፣ ጣቷን አፍተለተለች፣ ተሳደበች፤ የለም። ጥጃዋ ግን ጠግባ ነበር።

በዚያን ጊዜ የደሴቱ አንደኛ ቫዮሊን መቺ ሲንክለር ሃልክሮ ነበር። ሦስት ወር ቀደም ብሎ ኦስላ ሌላ ዜማ ይዛለት ሄዳ «ራሴ ሠራሁት» ብትለው፣ «ድንቄም! ሂጂና ካልሲሽን ሥሪ» ብሎ መልሷታል። ስለዚህ በዚህኛው ብልጥ ሆነች።

«ከየት አመጣሽው?» አላት ሲንክለር ሦስቱን ክፍል ሰምቶ።

«በጉብታው በኩል ሳልፍ ከሥሩ ሲመታ ሰማሁት።»

የሰውየው ዓይን ፈጠጠ። «አራተኛ ክፍልስ የለውም?»

«እሱን ሰው እንዲሰማው አይፈቀድም አሉ» አለች። ምን ትበል? ጥጃ ትበል?

በዓመቱ ሲንክለር ዜማውን የሰማሁት እኔ ነኝ ማለት ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት ጉብታው ውስጥ ገብቻለሁ አለ። በሦስተኛው ዓመት ከእነሱ ጋር የበግ ሾርባ በልቶ፣ ጨው አንሶታል ብሎ ተናግሮ ወጥቷል። ሲሞት ዜማውንም ታሪኩንም ለልጁ ለራስሚ አወረሰ። ራስሚም ዛሬ ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ በየሃሎዊኑ ሦስቱን ክፍል ይመታል፣ ደጋኑን ያነሳል፣ ስለ አባቱና ስለ ሾርባው ያወራል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የኦስላ ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር። መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥሎ ሲንክለርን ማዋረድ ከበዳት፤ ከዚያ በጎቿን ስታግድና ስትሸልት ዘመኑ ሄደ። ዘንድሮ ነው ነገሩ የመጣው። ሮቢና የምትባለው ጡረታ የወጣች አስተማሪ የደሴቱን ዜማዎች ሰብስባ መጽሐፍ አዘጋጀች፤ ከሃሎዊን ማግስት ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ኦስላ ወሬውን እንደሰማች ጭቃ ጫማዋን አጥልቃ ሮቢና ቤት ሄደች።

«የጉብታው ዜማ ላይ የሠራው ማን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ከጉብታው ሥር ያሉት፤ ሌላ ማን ልበል እትዬ ኦስላ?»

«አጥፊው። እኔ ነኝ።»

ሮቢና ፈገግ አለች፤ አስተማሪዎች ለሰነፍ ልጅ የሚያሳዩት ፈገግታ ነው። «ባለፈው ሳምንት እነ አሮጊቷ አንድሪናም መጥተው ያ የመቃብር ቆፋሪ እጅ የአያታችን እጅ ነው ብለውኛል።»

«የእኔ እጅ ግን ይኸው! አልተቀበረም!»

«ማስረጃ አለሽ?»

«ጥጃ ነበረች።»

«የት አለች?»

«ስድሳ ሁለት ዓመቷ እኮ ነው፤ በልተናታል!»

ሮቢና እርሳሷን አስቀመጠች። «እትዬዋ፣ እውነት የሠራሽው ቢሆን አራተኛውን ክፍል ታውቂው ነበር።»

ኦስላ በሩን በጭቃ ጫማዋ ገፍታ ወጣች። አራተኛውን ክፍል ታውቀዋለቻ! ባለፈው ፀደይ ድስቷን ጥዳ፣ ድንች ስትልጥ፣ በድንገት መጣላት። ከየት እንደመጣ አታውቅም። ቢላውን ወርውራ ቫዮሊኑን ከግድግዳው አወረደች፤ መታችው፣ ከሦስቱ ጋር ገጠመ፣ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ድስቱ አረረ። ለማንም አልነገረችም፤ ለድመቷ ብቻ መታችላት፣ እሷም ጥላት ወጣች።

አሁን ለሮቢና ብቻ ሳይሆን በሕዝብ ፊት ልትመታው ቆረጠች። ችግሩ ራስሚ ነው። ኦስላ ኦስላን ሆና ብትሄድ፣ ከሦስተኛው ክፍል በኋላ ደጋኗን ከእጇ ይነጥቃታል። ገለባ ለባሽ ግን አይነካም። በሃሎዊን ምሽት ከአጃ አገዳ የተጎነጎነ ልብስና ረጅም ቆብ አድርጎ፣ ፊቱን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ የመጣ ሰው የአዳራሹ ጌታ ነው። ድምፁ እንዳይለይ ትንፋሹን ወደ ውስጥ እየሳበ ይናገራል፤ እኛ ማን እንደሆነ እንገምታለን። ስሙ በትክክል እስኪጠራ ድረስ መንካትም፣ ማስቆምም፣ ማስወጣትም ነውር ነው። አንድ ዓመት ጎረምሶች አንድ አውራ በግ ገለባ አልብሰው አስገብተው ነበር፤ ሰባት ሰው «ቄሱ ናቸው» ብሎ ገመተ። በጉ ሻይ ተጋብዟል።

እንግዲህ ኦስላ አሥር ቀን ሙሉ በሯን ዘግታ አገዳ ጎነጎነች።

ሃሎዊን ደረሰ። በዚያ ወቅት የእኛ ፀሐይ አሥር ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፤ አሥራ አንድ ሲሆን ድፍን ጨለማ ነው። አዳራሹ ውስጥ ለከብት የምንሰጠውን ትልልቅ ሥር ፈልፍለን ጥርስ አውጥተንለት ሻማ ለኩሰንበታል፤ ከደረቀ የበግ ሥጋ የተሠራ ሾርባ ይፈላል። ራስሚ መድረኩ ላይ ወጣ፣ ሦስቱን ክፍል መታ፣ ደጋኑን አነሳ። ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሃል በሩ ተከፈተና አንድ ገለባ ለባሽ ቫዮሊን ታቅፎ ገባ።

ኦስላ ከጨርቁ ሥር ላብ አጥምቋታል፤ አገዳው አንገቷን ይበላታል። ሰው ፊት ከመታች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል። እስከ መድረኩ ሄደች፣ ራስሚን በክርኗ ገፋ አደረገችው፣ ከመጀመሪያው ጀመረች።

አንደኛው ክፍል ሲሰማ ሰው አጨበጨበ። በሁለተኛው እግሩን መታ። በሦስተኛው ማጨብጨቡ ቀረ፤ ገለባ ለባሹ ከራስሚ ይበልጥ ነበርና፣ ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም። ሦስተኛው አለቀ። ደጋኑ አልተነሳም።

«ኧረ እንዳትጀምረው!» ብሎ ጮኸ ራስሚ። እጁን ግን አልሰነዘረም፤ ነውር ነዋ!

አራተኛው ክፍል ሲጀምር ጉድ ፈላ። ግማሹ ሕዝብ በኋላ በር ወጣ። እነሱ ብረት ይፈራሉ ስለሚባል ሮቢና ቢላ ከጠረጴዛ አፈፍ አድርጋ ከበሩ በላይ ሰካች፤ የሰካችው የፕላስቲክ ቢላ ነው። በእንዲህ ያለ ነገር አናምንም የሚሉት ቄሳችን ጠረጴዛ ሥር ገቡ፤ መነጽሬ ወድቆብኝ ነው ይላሉ እስከ ዛሬ። መነጽር አያደርጉም። ራስሚ ብቻ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ኦስላ ጨረሰች። ቀጥ ብላ ቆመች። አሁን ስሜን ይጠራሉ ብላ ጠበቀች። እንዲህ የሚገጥም ክፍል ከሠሪው በቀር ማን ያመጣል? ጆሮ ያለው ሰው ይህን ያውቃል ብላ ነበር ያን ሁሉ አገዳ የጎነጎነችው።

ወጉ ነውና መገመት ነበረብን። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ ከኋላ «ሲንክለር ሃልክሮ?» አለ። ሲንክለር ከሞተ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ገለባ ለባሹ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። «የሰጠመው ኤሪክ?» «የአንድሪና አያት፤ ግራ እጁን እዩት እስቲ!» ሦስት ሬሳ ተጠራ፣ አንድ አውስትራሊያ የገባ ሰው ተጠራ። የኦስላን ስም ግን ማንም አልጠራም። በየቀኑ ሱቅ የሚያገኟት፣ የበግ መድኃኒት የሚለምኗት ሰዎች! ልቧ ተሰበረ።

ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «ሌላስ?» አለች።

«ከ... ከእነሱ አንዱ ነዎት?» አለች ሮቢና፤ አንቱ ብላ።

ኦስላ ጨርቁን ቦጭቃ ጣለችው። «እኔ ነኝ! ኦስላ! ኦስላ ማንሰን! ምነው፣ ምን ሆናችኋል? ዜማው የእኔ ነው፣ አራተኛውም የእኔ ነው፣ ይኸው!»

አሮጊቷ አንድሪና ጉንጯን በሁለት እጇ ያዘች።

«አበስኩ ገበርኩ! ወስደዋት ነበር ማለት ነው!»

«ማን ነው የወሰደኝ?»

«እነሱ ናቸዋ! አራተኛውን ማን አስተማረሽ ታዲያ?»

«እኔው ራሴ!»

«አዎ፣ እንደዚያ በይ ብለው ነው የሚመልሱት» አለች አንድሪና በእርግጠኝነት።

ሮቢና እርሳሷን አውጥታ ነበር። «እትዬ ኦስላ፣ ጉብታው ውስጥ ምን ያህል ቆየሽ? ሾርባውን ቀምሰሻል?»

ኦስላ የመድረኩ ጠርዝ ላይ ዘጭ አለች። ያኔ በአንድ ትንፋሽ የዋሸችው ውሸት ስድሳ ሁለት ዓመት በልቶ፣ ወፍሮ፣ ዛሬ ማስረጃዋን ራሱ ዋጠው። አለቀሰች፤ በሰው ፊት፣ ገለባዋ እየረገፈ። ዕድሜዋ የገፋ ሴት ስሟን ብቻ ነበር የፈለገችው።

«ኦስላ» አለ ራስሚ።

ቀና አለች። ሽማግሌው ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«አራተኛውን ብቻ ድገሚው እስቲ።»

«ልትነጥቀኝ ነው?»

«ድገሚው ስልሽ! አንቺ ሴት ዕድሜ ልክሽን ነገረኛ!»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ደገመችው። ራስሚ ዓይኑን ጨፍኖ አብሮ አንጎራጎረ። ስትጨርስ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ከፈተው፣ መዳፎቹን አፉ ላይ አደረገ፣ ወደ ጨለማው ውኃ ጮኸ። ጩኸቱ ከላይ ጀመረ፣ ሁለቴ ተሰብሮ ወረደ፣ መጨረሻው ላይ በቁጣ ቀና አለ።

«ኦ—ስ—ላ—ሆይ!»

ከማዶ አንድ ውሻ መለሰ። አዳራሹ ውስጥ ከሰባ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ዞረ።

«ኢንጋ!» አለች አንድሪና። «የኢንጋ አጠራር!»

«ማዶ ላለነው ሰዓታችን እኮ ነበረች» አለ ራስሚ፣ ጀርባውን እንደሰጠ። «ኢንጋ ጥጃ አጠጪ ብላ በየማታው ስትጣራ እናቴ ድንች ትጥዳለች። እኔ በጎቹን እመልሳለሁ። አሥራ አምስት ዓመት በየቀኑ ሰምቼዋለሁ፤ አልስተውም። ያ አራተኛ ክፍል ያ ጥሪ ነው፤ ልቅም ተደርጎ። ከጉብታው ሥር ያሉት ኦስላ የምትባል ልጅ የለቻቸውም፤ የሚጠሯትም ለጥጃ አይደለም።» ዞረ። «ስለዚህ አባቴ...»

«አባትህ ውሸታም ነበር» አለች ኦስላ በቀስታ። «እኔም ነበርኩ። እኔ ጀመርኩት፣ እሱ አሳመረው።»

«ጨው ያነሰው ሾርባስ?»

«የእናትህ ሾርባ ነዋ! ያንን ማን አጣው።»

ራስሚ ሳይወድ ሳቀ፤ ከዚያ እሱም ዓይኑን ጠረገ። ኦስላ ግን አልሳቀችም። እጇ ላይ ያለውን ቫዮሊን ትኩር ብላ ታይ ነበር። አላወቀችም ነበራ! ያ ጥሪ አራተኛውን ክፍል አስጠፋብኝ ብላ እናቷን በሕይወቷም በመቃብሯም ስትረግም ኖራለች። የጠፋ ነገር አልነበረም፤ አራተኛው ክፍል ከደጃፍ ቆሞ በስሟ ሲጠራት ነበር።

ሮቢና ደብተሯን ገለጠች፣ «ከጉብታው ሥር ያሉት» የሚለውን በላጲስ አጠፋች፣ «ኦስላ ማንሰን» ብላ ጻፈች፣ አምጥታ አሳየቻት። ኦስላ ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

«ጨምሪበት» አለች።

«ምን ልጨምር?»

«ኢንጋ ማንሰን። ከእኔ ስም በላይ።»

«ኢንጋን?» አለ ራስሚ። «ቫዮሊን የሰይጣን ሣጥን ነው ስትል የሞተችውን? ኧረ ኦስላ፣ ይህን ብትሰማ ከመቃብሯ ትነሳለች!»

«ታዲያስ?» አለች ኦስላ፣ ቫዮሊኑን አገጯ ሥር እያስገባች። «ሙታንን የሚቀሰቅስ ዜማ አይደል? እሷን ብቻ ይቀስቅስልኝ።»

ከመጀመሪያው ጀመረች።